ቦዘኔ የተባለው ጫማ

«ሎፈር» ማለት ቦዘኔ ማለት ነው። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ብትገልጡ ከጫማው በፊት የምታገኙት ሰውየውን ነው፤ ስራ የሌለው፣ ግድግዳ ተደግፎ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ የሚውል፣ ቤተሰብ ተስፋ የቆረጠበት ሰው። ቃሉ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአሜሪካ እንግሊዝኛ መሰደቢያ ሆኖ ኖሯል። ጫማው ግን በዚህ ስም መጠራት ከጀመረ ገና መቶ ዓመት አልሞላውም።

መርካቶ ሄዳችሁ «ሎፈር አለ?» ብትሉ ወጣቶቹ ሻጮች ወዲያው ይገባቸዋል። ትልልቆቹ ግን «ሞካሲን ነው የምትፈልገው?» ይሏችኋል። ይሄ ቃል ደግሞ ከሌላ ሩቅ ቦታ የመጣ ነው። ሞካሲን ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ከአልጎንኪን ቋንቋዎች የተወሰደ ነው። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ከእነሱ ሰምተው ወደ አውሮፓ ወሰዱት፤ ከዚያ እኛ ጋ ደረሰ። ታኮና ካልሲ የሚሉትን ቃላት ከጣሊያንኛ እንደወረስን ሁሉ፣ ሞካሲንንም ከአውሮፓ ቋንቋ ወርሰን የራሳችን አድርገነዋል።

አንድ ጫማ ሁለት ስም አለው ማለት ነው። አንዱ ስም የሰሩትን ሰዎች ያስታውሳል፣ ሌላው ስድብ ነው። እኔ ሶፍትዌር እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ በእኛ ሙያ ስም ቀልድ አይደለም። አንድ ነገር ከሚሰራው ስራ ጋር የማይገጥም ስም ሲሰጠው «እዚህ ጋ የሆነ ታሪክ አለ» ብለን ወደ ኋላ ሄደን እናያለን። ሎፈርንም እንደዚያ ነው ያየሁት። ምክንያቱም ይህን የቦዘኔ ጫማ ሲያደርጉ የኖሩት በብዛት የባንክ ሰዎች፣ ጠበቆችና የሀብታም ልጆች ናቸው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ ቦዘኔ የተባሉ ሰዎች ደግሞ እስር ቤት ይገቡ ነበር። (ዓመታቱ በእኛ አቆጣጠር ካልተባለ በስተቀር የአውሮፓውያን ናቸው።)

ከታች ወደ ላይ

መጀመሪያ ስለ አሰራሩ። በተለመደው የቆዳ ጫማ የላይኛው ቆዳ በእግር ቅርጽ ላይ ከላይ ወደ ታች ተወጥሮ ከሶሉ ጋር ይያያዛል። ሞካሲን ግን ተገላቢጦሽ ነው። ቆዳው ከእግር ስር ይጀምርና በየአቅጣጫው ወደ ላይ ይወጣል፣ እግርን እንደ መቀነት ይጠቀልላል። ከላይ የሚቀረውን ክፍተት ሌላ ቁራጭ ቆዳ ይዘጋዋል። በሎፈር አፍንጫ ዙሪያ የምታዩት ከፍ ያለ ስፌት ጌጥ አይደለም፤ ሁለቱ ቆዳዎች የሚገናኙበት፣ ጫማው የሚዘጋበት ቦታ ነው። በጥንቱ ሞካሲን የታችኛው ቆዳ ራሱ ሶል ነበር። ዛሬ ግን ለአስፋልትና ለድንጋይ ሲባል ከስሩ ሌላ ሶል ይጨመርበታል። በርካሾቹ ላይ ያ ስፌት ለምስል ብቻ የተሰፋ ነው፣ የሚያያይዘው ነገር የለም።

ሌላው ትልቁ ልዩነት ማሰሪያ አለመኖሩ ነው። ማሰሪያ ያለው ጫማ በየቀኑ ይስተካከላል፤ እግር ሲያብጥ ይላላል፣ ወፍራም ካልሲ ሲደረግ ይሰፋል። ሎፈር ይሄ ዕድል የለውም። ልኩ የሚወሰነው አንድ ጊዜ፣ ሲገዛ ነው። እግርን የሚይዘው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ከላይ በእግር ጀርባ፣ ከኋላ በተረከዝ። ሰፈራችን ያሉ አንድ ጫማ ሰፊ አዲሱን ሎፈሬን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ሞካሲን ሲገዙት ትንሽ መቆንጠጥ አለበት። ቆዳ ከሆነ እሺ ይልሃል፤ ፕላስቲክ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው አይሰማህም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የውጭ አገር የፋሽን ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ ስለ ልክ ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘሁም።

ከፊዮርድ እስከ ሜይን

ዛሬ የምናውቀው ሎፈር መነሻው ኖርዌይ ውስጥ አውርላንድ የምትባል ትንሽ ቦታ ናት። በምዕራብ ኖርዌይ፣ ባሕር በተራሮች መካከል እንደ ወንዝ እየተሰነጠቀ በሚገባበት ፊዮርድ ዳር ትገኛለች። እዚያ የተወለደው ኒልስ ግሬጎሪዩሰን ትቬራንገር (1874–1953) በ13 ዓመቱ ወደ ሰሜን አሜሪካ ሄደ፤ የጫማ ስራ ተማረና በ20 ዓመቱ ገደማ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1930 አካባቢ «የአውርላንድ ሞካሲን» የተባለውን ጫማ አወጣ። ጫማው ሁለት ነገሮችን ይመስላል፤ በአንድ በኩል የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ሞካሲን፣ በሌላ በኩል የአውርላንድ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ያደርጉት የነበረውን ማሰሪያ አልባ ጫማ። የስደተኛ ስራ ነው፤ የሄደበትንም የመጣበትንም አንድ ላይ የሰፋ።

ከዚያ ጫማው የባለቤቱን መንገድ ተከትሎ እንደገና አትላንቲክን ተሻገረ። አውሮፓን ሲጎበኙ ያዩት አሜሪካውያን ወደ አገራቸው ወሰዱት፤ የወንዶች መጽሔቶችም ጻፉለት። በ1930ዎቹ አጋማሽ ሜይን ክፍለ ሀገር ዊልተን ከተማ የነበረው ጂ. ኤች. ባስ የተባለ ጫማ ሰሪ ድርጅት የራሱን አወጣ። ባስ ከ1876 ጀምሮ ለገበሬና ለእንጨት ቆራጭ ጠንካራ ጫማ ሲሰራ የኖረ ድርጅት ነበር። ስም ሲያወጡለት «ኖርዌጂያንስ» ከሚለው ቃል ፊቱን ቆርጠው ጅራቱን አስቀሩና «ዊጀንስ» አሉት። ከላይ በእግር ጀርባ ላይ የሚያልፍ የቆዳ ማሰሪያ የመሰለ ጠፍር ጨመሩበት፤ ጠፍሩ መሐል ላይ ትንሽ ስንጥቅ አለችው።

ያቺ ስንጥቅ ናት ጫማውን «ፔኒ ሎፈር»፣ የሳንቲም ሎፈር ያሰኘችው። ተማሪዎች አንድ አንድ ሳንቲም ይሰኩባት ነበር። ለምን? በየቦታው የምታነቡት መልስ «ድንገት ስልክ መደወል ቢያስፈልግ ብለው ነው» የሚል ነው። ይሄን ታሪክ ሳየው ግን አልሰራልኝም። በዚያ ዘመን የአሜሪካ የሕዝብ ስልክ አንድ ጥሪ 5 ሳንቲም ነበር፤ በኋላ 10 ሆነ። የስልኩ ቀዳዳዎችም የ5፣ የ10 እና የ25 ሳንቲም ነበሩ፤ የአንድ ሳንቲም ቀዳዳ አልነበረውም። ሁለት እግር ላይ ያሉ ሁለት ሳንቲሞች የትም አያስደውሉም። ልጆቹ ሳንቲሙን የሰኩት ስንጥቅ ስላገኙ ነው ቢባል ይቀላል። ተማሪ ቀዳዳ ካገኘ የሆነ ነገር ይከትበታል፤ የዩኒቨርሲቲ ዴስክ ያየ ሰው ይሄን ያውቃል።

ግን ሳንቲሙ የሚናገረው ነገር አለ። ገንዘብን ለጌጥ ጫማ ላይ ሰክቶ መሄድ የሚችለው ያቺ ሳንቲም የማታስፈልገው ሰው ነው።

ማን ነው መቦዘን የሚችለው?

ሎፈር አሜሪካ ውስጥ የገነነው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ በተለይ ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ባሉበት በሰሜን ምስራቅ። የአለባበሱ መልእክት ግልጽ ነበር። አባቴ ኮትና ክራባት፣ ማሰሪያ ያለው ጥቁር ጫማ ያደርጋል፤ እኔ ግን ገና ምንም አያስቸኩለኝም። ጎንበስ ብዬ ጫማ እስካስር እንኳ አልደክምም። ማሰሪያ የሌለው ጫማ የቤትና የእረፍት ጫማ ነበር፤ ያንን ክፍል ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ቀስ በቀስም ከኮት ጋር ማድረግ «የትም ብሄድ ቤቴ ነው» እንደማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ሰፋ። በ1944 የወጣው ሕግ መንግሥት ለተመላሽ ወታደሮች የትምህርት ወጪ እንዲሸፍን አደረገ፤ በ1947 ኮሌጅ ከገቡት ሰዎች 49 በመቶው የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ። የሰራዊቱን የካኪ ሱሪ ይዘው ግቢ ገቡ። የካኪ ሱሪና ቡናማ ሎፈር ዛሬ በየፋሽን ገጹ «ክላሲክ» የሚባለው ጥምረት የሰፋው በዚህ መንገድ ነው፤ ከጦር ሜዳ የተረፈ ሱሪ ከሀብታም ልጅ ጫማ ጋር ተገናኝቶ። ጥቁር ወታደሮች ግን አብረው ቢዋጉም ከዚህ ሕግ በእኩል አልተጠቀሙም፤ በተለይ በደቡብ አፈጻጸሙ በአካባቢ ባለስልጣናት እጅ ስለነበር ብዙዎቹ በር ላይ ቀሩ።

እዚህ ላይ የጫማው ስም መክበድ ይጀምራል። በአሜሪካ ቦዘኔነት ለረጅም ጊዜ ወንጀል ነበር። የእርስ በርስ ጦርነቱ እንዳበቃ በ1865 ሚሲሲፒ ያወጣችው ሕግ ነጻ የወጡ ጥቁሮች ስራ እንዳላቸው የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ እንዲኖራቸው ያስገድድ ነበር። ማስረጃ የሌለው «ቦዘኔ» ተብሎ ይቀጣል፤ መቀጮውን መክፈል ካልቻለ፣ ለከፈለለት ሰው እንዲሰራ ተላልፎ ይሰጣል። ባርነት በፊት በር ወጥቶ በጓሮ ሲመለስ ማለት ነው። ተመሳሳይ የቦዘኔ ሕጎች በየከተማው ከመቶ ዓመት በላይ ቆዩ። በአንድ በኩል የሀብታም ልጅ ግቢው ሳር ላይ ተጋድሞ ጫማውን «ቦዘኔ» ብሎ ይጠራዋል፤ በሌላ በኩል ሌላው ወጣት ጥግ ላይ ስለቆመ ብቻ ይታሰራል። ቃሉ አንድ ነው፤ ቅጣቱ ግን ለአንደኛው ብቻ ነው የተጻፈው።

ጥቁር አሜሪካውያን የጃዝ ሙዚቀኞች፣ ጸሐፊዎችና ተማሪዎች በ1950ዎቹና 60ዎቹ ይህንኑ የግቢ አለባበስ ወስደው የራሳቸው ሲያደርጉት ይሄ ሁሉ ጀርባው ላይ ነበር። ከሁሉም የታወቀው ማይልስ ዴቪስ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሃርቫርድ አጠገብ ካምብሪጅ ውስጥ ካለው «አንዶቨር ሾፕ» ኮቶቹን ያሰፋ ነበር። ጆርጅ ፍሬዚየር የተባለ ጋዜጠኛ «የዊጀንስ የጦር አበጋዝ» ብሎ ሰይሞታል። ማይልስ ያን ልብስ የለበሰው የዬል ተማሪ ለመምሰል አልነበረም፤ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ልብሱ ራሱ ከዬል የመጣ አይመስልም ነበር።

ኦገስት 25 ቀን 1959። «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተባለው አልበሙ ከወጣ ገና ስምንት ቀኑ ነው። ማይልስ ኒውዮርክ «በርድላንድ» ክለብ ውስጥ እየተጫወተ፣ በእረፍት ሰዓቱ አንዲት ነጭ ሴት ታክሲ ላይ አሳፍሮ በሩ ላይ ቆሟል። አንድ ፖሊስ መጣና «እዚህ መቆም አይቻልም፣ ሂድ» አለው። ማይልስ የምሰራው እዚሁ ነው ብሎ በክለቡ በር ላይ የተጻፈውን የራሱን ስም አሳየው። ያ አልበቃም። ክርክሩ መሐል ሌላ መርማሪ መጥቶ ጭንቅላቱን ደበደበው፤ ኮቱ በደም ርሶ ጣቢያ ተወሰደ። ክሱ በኋላ ውድቅ ሆነ። ግን በወቅቱ አሜሪካ ውስጥ ከማንም በላይ ልብስ ያውቃል የሚባል ሰው፣ ስሙ በተጻፈበት በር ስር፣ በስራ ሰዓቱ፣ «ቦዘኔ» ሊባል መቻሉን የዚያ ሌሊት ፎቶዎች ዛሬም ያሳያሉ። ልብስ ብዙ ነገር ይናገራል፤ የሚሰማው ሰው መስማት ካልፈለገ ግን ዝም ማለቱ ነው።

የቦዘኔ ሕጎቹ የወደቁት በ1972 ነው። በፍሎሪዳ የጃክሰንቪል ከተማ ፖሊስ ስምንት ሰዎችን በተለያየ አጋጣሚ በቦዘኔነት አስሮ ነበር። ከእነሱ መሐል አራቱ አብረው በመኪና ሲሄዱ የተያዙ ናቸው፤ ሁለት ነጭ ሴቶችና ሁለት ጥቁር ወንዶች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በጻፉት ውሳኔ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሻረው፤ ዋናው ምክንያት ሕጉ በጣም የተድበሰበሰ በመሆኑ አንድ ተራ ሰው ምን ቢያደርግ እንደሚጠየቅ ማወቅ አይችልም፣ ፖሊስ ደግሞ የፈለገውን ሊይዝበት ይችላል የሚል ነው። ወዲያ ወዲህ መንሸራሸር፣ ያለ ጉዳይ መቆም፣ የሕይወት አንድ ደስታ እንጂ ወንጀል አይደለም የሚል መንፈስ ያለው ውሳኔ ነው። ጫማው በዚያን ጊዜ በዚህ ስም መሸጥ ከጀመረ ወደ አርባ ዓመት ሆኖት ነበር።

ቶኪዮ፣ 1964

የሚገርመው፣ ጫማውም ሕጉም ተያይዘው ጃፓን ገቡ።

ኬንሱኬ ኢሺዙ የተባለ ነጋዴ «ቫን ጃኬት» በተባለው ድርጅቱ የአሜሪካ ተማሪዎችን አለባበስ ለጃፓን ወጣቶች መሸጥ ጀመረ። በ1964 የበጋ ወራት ቶኪዮ ጊንዛ ሰፈር ውስጥ ሚዩኪ የሚባል መንገድ ላይ ወጣቶች ይሰባሰቡ ጀመር። አጠር ያለ ሱሪ፣ ሎፈር፣ እጃቸው ላይ የወረቀት ከረጢት። ምንም አያደርጉም፤ ይቆማሉ፣ ይተያያሉ፣ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። «የሚዩኪ ጎሳ» ተባሉ። ሰፈሩ ያሉ ነጋዴዎች ግን ተጨነቁ፤ ኦሊምፒክ ሊከፈት ነው፣ የዓለም እንግዳ ሊመጣ ነው፣ እነዚህ ቦዘኔዎች ጊንዛን ያሰድባሉ። በሴፕቴምበር ፖሊስ አፈሳ አደረገ። ወደ 200 የሚጠጉ ልጆች ተያዙ፤ 85ቱ ጣቢያ ተወሰዱ።

ያ ኦሊምፒክ ለእኛ ሌላ ትርጉም አለው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ኦክቶበር 21፣ አበበ ቢቂላ በዚያችው ከተማ ጎዳናዎች ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ማራቶኑን አሸነፈ። በሮም በባዶ እግሩ፣ በቶኪዮ በጫማ። ስለ አበበ እግር ሳንሰማ ያደግን ኢትዮጵያዊ የለንም። እሱ የሮጠባት ቶኪዮ ከሳምንታት በፊት ስለ ጫማና ሱሪ ልጆች የታፈሱባት ከተማ መሆኗን ግን እኔ የሰማሁት ይሄን ታሪክ ስከታተል ነው። አንድ ከተማ እንግዳ ሲጠብቅ መጀመሪያ የሚያጸዳው ስራ ፈት የሚመስለውን ሰው ነው። ይሄ ለእኛም አዲስ አይደለም።

ኢሺዙ ለዚህ ጣጣ መልስ ፈለገ። ይሄ የዱርዬ ልብስ ሳይሆን የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ልብስ መሆኑን ለማሳየት የፎቶና የፊልም ቡድን ወደ አሜሪካ ላከ። ቡድኑ ሲደርስ ደነገጠ ይባላል፤ ተማሪዎቹ እንደጠበቋቸው በኮት ሳይሆን በቁምጣና በነጠላ ጫማ ይሄዳሉ። ያም ሆኖ በ1965 «ቴክ አይቪ» የተባለው የፎቶ መጽሐፍ ወጣ። ፎቶዎቹን ያነሳው ቴሩዮሺ ሃያሺዳ ነው። መጽሐፉ በ2010 በእንግሊዝኛ ሲታተም አሜሪካውያን የገዛ አባቶቻቸውን አለባበስ ከጃፓን መጽሐፍ ተማሩ። ዛሬ ደግሞ ጃፓን ውስጥ ሎፈር የተማሪ ዩኒፎርም ጫማ ነው። ለምን እንደተመቸ መገመት አይከብድም፤ ቤትም ትምህርት ቤትም ሲገባ ጫማ በሚወልቅበት አገር ማሰሪያ መፍታትና ማሰር ጣጣ ነው። በቦዘኔነት የታፈሱበት ጫማ የሥርዓት ምልክት ሆነ።

ዘርፍና ልጓም

ከፔኒው ሌላ ሁለት ወንድሞች አሉት፤ እነሱን ባጭሩ ልለፍ።

ባለ ዘርፉ ሎፈር ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ነው። ፖል ሉካስ የተባለ በሃንጋሪ የተወለደ የሆሊውድ ተዋናይ፣ በማሰሪያው ጫፍ ትንንሽ ዘርፍ ያለው ጫማ ከአውሮፓ ይዞ መጣና አሜሪካ ውስጥ ያሉ ጫማ ሰሪዎችን እንደሱ ስሩልኝ አላቸው። ስራው ማሳቹሴትስ ያለው አልደን ጋ ደረሰ፤ አልደን በ1950 አካባቢ ማሰሪያውን አስቀርቶ ዘርፉን ብቻ ያስቀረ ሎፈር አወጣ። ጠበቆች ወደዱት። እስከዚህ ድረስ ወደዱት ብትሉ፣ በ1992 የምርጫ ዘመቻ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ተቃዋሚያቸውን ሲያጥላሉ «ባለ ዘርፍ ሎፈር የሚያደርጉ ጠበቆች ይደግፉታል» ብለው ዘርፉን ስድብ አደረጉት።

ባለ ልጓሙ የጉቺ ነው፤ 1953። ከላይ የፈረስ ልጓም የሚመስል ብረት አለው። ፈረስ ያለው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለማስረዳት ሌላ ቃል አያስፈልግም። በ1980ዎቹ ዎል ስትሪትና ዋሽንግተን ይሄ ጫማ በዝቶ፣ የግብር ሕግ ሲረቀቅ የኩባንያ ተወካዮች ከምክር ቤቱ ኮሚቴ ክፍሎች ውጭ ቆመው የሚጠብቁበት ኮሪደር «የጉቺ ሸለቆ» ተባለ። አስቡት፤ ኮሪደር ላይ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፈው የሚቆሙ፣ ቦዘኔ የሚል ጫማ ያደረጉ ሰዎች። መታወቂያ የጠየቃቸው የለም። በዓለም ውድ የሆነው መቆም ይሄ ነው።

እኛ ሰፈር

በ1996 ዓ.ም. አገራችን አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 384 አወጣች። አዋጁ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ መስራት እየቻለ የታወቀ መተዳደሪያ የሌለው መሆን ነው። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ቃሉን ግን አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱም በየሰፈሩ ታላላቆቻችን ላይ ይወርድ ነበር። «አደገኛ ቦዘኔ» ቀልድም ማስፈራሪያም ሆኖ ቀረ።

ኢንጂነሪንግ ተመርቄ የመጀመሪያ ስራዬን ያገኘሁት ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ከቤት ሆኜ ነው። የእነሱ ቀን የእኛ ሌሊት ስለሆነ ሌሊት ሰርቼ ጠዋት እተኛለሁ። እኩለ ቀን ላይ ተነስቼ በቱታና በነጠላ ጫማ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ጎረቤታችን እማማ በሐዘኔታ ያዩኛል። አንድ ቀን «ልጄ፣ እስካሁን አንድ ነገር አላገኘህም እንዴ?» አሉኝ። እናቴ ከግቢ ሆና «ይሰራል እኮ! በኮምፒውተር ነው የሚሰራው፣ ቤት ሆኖ» አለች። እማማም «እሰይ፣ እሰይ» አሉ፤ ግን ፊታቸው «እግዜር ይርዳሽ» ነበር የሚለው። ከዚያ ወዲህ በሸሚዝ፣ በካኪና በቡናማ ሎፈር ካፌ ቁጭ ብዬ መስራት ጀመርኩ። ስራው ያው ነው፤ እንዲያውም ኢንተርኔቱ ይብስበታል። ሰላምታው ግን ተለወጠ።

ከሦስት ዓመት በፊት ከአብሮ አደጌ ጋር ሰፈራችን መግቢያ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን እናወራለን። ሰዓቱ ወደ አስር ይሆናል፣ ገና ብርሃን ነው። እሱ ነጠላ ጫማ፣ እኔ ሎፈር። ሁለት የጸጥታ ሰዎች መጡና እሱን «መታወቂያ!» አሉት። እኔን «ይቅርታ፣ አብራችሁ ናችሁ?» አሉኝ። ለእሱ አንተ፣ ለእኔ «ይቅርታ» ያለው አንቱታ። እሱ የዚያን ሳምንት ሌሊት ሲሰራ የሰነበተ ነርስ ነው፤ እኔ ደግሞ ኮንትራቴ አልቆ ሁለት ወር ሙሉ ስራ የለኝም። ድንጋዩ ላይ የነበረው ብቸኛ ቦዘኔ እኔ ነበርኩ።

እንዴት ይደረግ?

ይሄን ሁሉ ካነበባችሁ በኋላም ልትገዙት ከፈለጋችሁ (እኔ አሁንም እወደዋለሁ)፣ የማውቀውን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሱሪ። የሎፈር ውበት ከላይ ያለው ስፌትና ጠፍር ነው፤ ሱሪው ረዝሞ ከተጣጠፈበት ይጠፋል። የሱሪው ጫፍ ጫማውን ነካ ብሎ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይቅር። ቡናማ ፔኒ ከካኪና ከጂንስ ጋር፣ ጥቁሩ ከግራጫ የሱፍ ሱሪ ጋር ይሄዳል። ሙሉ ሱፍ ለመልበስ ባለ ዘርፉ ይሻላል፣ ፔኒው ይቀልበታል። ባለ ልጓሙ ብረቱ ራሱ ስለሚናገር ሌላውን ልብስ ዝም አሰኙት።

ሁለተኛ፣ ካልሲ። ጥቁር ጫማ በነጭ ካልሲ «አይደረግም» ይባላል። ጂን ኬሊ በሎፈርና በነጭ ካልሲ የጨፈረው ተመልካች እግሩን እንዲያይ ነው። ማይክል ጃክሰንም በሜይ 1983 በአሜሪካ ቴሌቪዥን «ቢሊ ጂን»ን ሲጫወት ያደረገው ይሄንኑ ነው፤ አጠር ያለ ጥቁር ሱሪ፣ የሚያብለጨልጭ ነጭ ካልሲ፣ ጥቁር ሎፈር። ወደ ኋላ ሲንሸራተት ዓይናችን የሄደው ካልሲው ላይ ነው። ሕጉን ያፈረሰው ምክንያት ስላለው ነው፤ ምክንያት ካላችሁ አፍርሱ። ያለ ካልሲ ማድረግ ከፈለጋችሁ ግን ከውስጥ የማይታየውን አጭር ካልሲ አድርጉ፤ ላብ ቆዳን ከውስጥ ይበላዋል፣ ሽታውም ለሰው ይተርፋል።

ሦስተኛ፣ እረፍት። አንድ ቀን አድርጋችሁ አንድ ቀን አሳርፉት፤ ውስጡን በጋዜጣ ሙሉት፣ እርጥበቱን ይመጥና ቅርጹን ይይዛል። ክረምት ላይ የቆዳ ሶል ለአዲስ አበባ ጭቃ አልተፈጠረም፤ ሐምሌን ያለሱ ተሻገሩ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለሚመላለስ ሰው ግን ከሎፈር የሚመች የለም፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ ማሰሪያ ሲፈታ እናንተ ገብታችኋል። ሊስትሮ ጋ ስትሄዱ ደግሞ ስፌቱ ውስጥ ቀለም እንዳይከማች በደረቅ ብሩሽ እንዲያወጣላችሁ ንገሩት።

ከዚህ በላይ ያለው የጫማው ጉዳይ አይደለም። ሎፈር የሚለው ነገር «አልቸኩልም» ነው፤ ይሄን ማለት ደግሞ ለአንዳንዱ ውበት፣ ለአንዳንዱ ጥፋት ሆኖ ኖሯል። ማይልስ ዴቪስ በር ላይ የቆመው፣ የጊንዛ ልጆች ጥግ ላይ የቆሙት፣ የዋሽንግተን ሰዎች ኮሪደር ላይ የቆሙት አንድ ዓይነት አቋቋም ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ማን እንደቆመና ማን እንዳየው ነው።

አብሮ አደጌ አሁንም በእረፍት ቀኑ ያ ድንጋይ ላይ በነጠላ ጫማ ይቀመጣል። ሎፈር ልግዛልህ ብለው «ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ያደረ እግር ነው፣ አየር ያግኝ ተወው» አለኝ። መታወቂያውን ግን ኪሱ ሳይከት ከቤት አይወጣም።